ሳይመሽ ሲጨልም

ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ልቤ ከብዶታል። እዚህ ሜሪላንድ የኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ካለፈ ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ ሰዓት 5 ገደማ ነው፤ ዲሴምበር ሲገባ 5 እንኳ ሳይሞላ ነው። ከሥራ ሲወጣ ጨለማ፣ ውሻዬ ቡቺ ለእግር ጉዞ በር ላይ ሲጠብቅም ጨለማ። አዲስ አበባ ላይ ብርሃን እንዲህ አይከዳም፤ ክረምት ከበጋ በሐበሻ ሰዓት 12 ወይም ጥቂት አለፍ ሲል ይመሻል፣ ሰውም ያውቀዋል።

ቡቺ ጥቁር ነው። ጥቁር ጸጉር የመኪና መብራት ይውጣል፣ በዚያ ላይ ቁመቱ አጭር ነው። ብዙ ሰው አንገት ላይ የምትበራ ማሰሪያ ገዝቶ በቃኝ ይላል። ጸጉሩ ረዘም ባለ ውሻ ላይ ግን ያቺ መብራት ትሸፈናለች፤ አገጩ ሥር የምትንጠለጠለውማ ከኋላ ለሚመጣ ሹፌር እንደሌለች ናት። የሚሻለው በሁለቱም ጎኑ አንጸባራቂ ያለው የደረት ማሰሪያ ነው፣ ጀርባው ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ መብራት። ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ብቻ ይግባ፤ ከላላ ዞሮ መብራቱ ሆዱ ሥር ይገኛል። ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይን ይስባል፣ ርቀቱን ለመገመት ግን ያስቸግራል፤ እኔ ሳይቋረጥ የሚበራውን እመርጣለሁ። ብርድ ባትሪ ስለሚያደክም ቻርጅ ማድረጉ የየዕለት ሥራ ነው።

ገመዱ ወፍራም፣ ርዝመቱ ከ1.5 ሜትር ብዙም ያልበለጠ ይሁን። እየተተረተረ 5 ሜትር የሚሄደው ቀጭን ገመድ ለማታ አይሆንም። ሹፌሩ ሰውየውን ጠርዝ ላይ ያያል፤ አስፋልቱ ላይ የወጣውን ውሻ አያይም፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ገመድ ጭራሽ አያይም። ደግሞ አሁን አጋዘን መንገድ የሚያቋርጥበት ወቅት ነው። ውሻ በድንገት ሲወረወር እጅ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ጣት ይሰብራል፤ ስለዚህ መያዝ እንጂ መጠምጠም አይገባም። የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ ጠርዝ፣ ከሚመጣው መኪና ጋር ፊት ለፊት ይኬዳል፤ ውሻው በግራ እጅ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ። እዚህም አገር ቤትም መኪና በቀኝ ስለሚነዳ ነገሩ አንድ ነው። የጆሮ ማዳመጫው ኪስ ይግባ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ካለ ወደ መሬት ዘንበል ይበል፤ የሹፌሩንም የውሻውንም ዓይን እንዳይወጋ።

እግረኛን የሚያታልለው አንድ ነገር ነው። የመኪናው መብራት ለእሱ ከሩቅ ጎልቶ ስለሚታየው እሱም ለሹፌሩ የሚታይ ይመስለዋል። ማየትና መታየት ግን ለየቅል ናቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢወስድበት 21 ሜትር አለቀ፤ መኪናው ግን ገና ፍጥነቱን መቀነስ አልጀመረም።

ደማቅ ቢጫ ልብስም እንዲሁ ያታልላል። ያ ቀለም የሚደምቀው በቀን ብርሃን ነው፣ ሌሊት እንደማንኛውም ነጣ ያለ ልብስ ነው። አንጸባራቂው ብራማ ጥብጣብ የተለየ ነው፤ የመኪናውን መብራት ወደመጣበት፣ ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመልሳል። ሲቆሽሽ ይደክማል፣ ብዙ ጊዜ ሲታጠብም። ዝናብ ሲነካው ብዙው ዓይነት ይፈዛል፤ ለዚህ ነው በዝናብ ቀን መብራት የግድ የሚሆነው። መፈተሽ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው 30 እርምጃ ርቆ ይቁም፣ የስልኩን መብራት ዓይኑ አጠገብ ይያዝና ይመልከት። ሹፌር የሚያየው ያንኑ ነው።

ጥብጣቡ የት ይዋል የሚለው ግን ከሁሉም ይበልጥ ይገርመኛል። ጉናር ዮሃንሰን የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። በጨለማ ውስጥ የሰዎች መገጣጠሚያ ላይ ትንንሽ መብራቶች አደረገ። ሰዎቹ ሲቆሙ ተመልካች ነጠብጣብ እንጂ ሌላ አላየም፤ ሲራመዱ ግን ወዲያው ሰው መሆናቸውን አወቀ። ሰውን ሰው የሚያሰኘው እርምጃው ነው። ደረት ላይ ያለ ጥብጣብ የመንገድ ምልክት ወይም የቆሻሻ በርሜል ሊመስል ይችላል፤ ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ ላይ ያለው ግን ሲንቀሳቀስ ሰው ነኝ ይላል። ለቡቺም እግሮቹ ላይ ባደርግለት ደስ ይለኝ ነበር፣ እያኘከ ይጥለዋል እንጂ።

ይህን ሳስብ ነው አገር ቤት ሌሊት 11 ሰዓት ለኪዳን የሚወጡ እናቶች ፊቴ ላይ የሚመጡት። መብራት በጠፋበት መንገድ፣ ጠርዝ ጠርዙን፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ነጩ ከጥቁር ካፖርት በብዙ ይሻላል፣ ከጥብጣቡ ጋር ግን አይወዳደርም። በዚያ ላይ ነጠላው እጅንም ትከሻንም አንድ አድርጎ ይሸፍናል፤ ያ ሰው የሚያሰኘው እንቅስቃሴ ሁሉ ከውስጥ ይቀራል። ከውጭ የሚወዛወዘው ጫፉ ነው፣ ጥለቱ ያለበት።

ታዲያ ጥለቱ ውስጥ አንድ መስመር አንጸባራቂ ክር ቢገባስ? ቀን ሲታይ እንደ ብር ክር ነው የሚሆነው። ሸማኔው እሺ ይላል? ስንት ጊዜ ቢታጠብ ይችላል? እናቴስ ትለብሰው ይሆን?