ሁለት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ

ከኪሴ ሲባጎ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው የዓይን ሐኪሟ መጻፏን አቁማ አየችኝ። ሲባጎው ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። አንዱ ከጫፉ 57 ሳንቲሜትር፣ ሌላው 90 ሳንቲሜትር ላይ። ጫፉን ቅንድቤ ሥር ይዤ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። «ይቺ ቋጠሮ የሽጉጤ የኋላ ማነጣጠሪያ ናት፤ ይቺኛዋ ደግሞ የፊቱ። እኔ አጥርቼ ማየት ያለብኝ ይቺን ነው» አልኳት፣ የሩቋን ቋጠሮ ጨብጬ።

ሽጉጡን ራሱን ይዤ ክሊኒክ አልሄድ ነገር!

ሲባጎውን ያመጣው፣ በሞራ የደበዘዘውን የዓይኔን ሌንስ በሰው ሠራሽ ሌንስ ለማስተካት ስዘጋጅ ከአንድ ሳምንት በፊት ሐኪሟ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። «አዲሱን ሌንስ ለሩቅ እናድርግልዎ ወይስ ለቅርብ?» ለብዙ ሰው ቀላል ጥያቄ ነው። ሩቅ ማለት መንገድና ሰው ነው። ቅርብ ማለት ንባብ ነው። የእኔ ነገር ግን ከሁለቱ መሃል፣ ክንዴ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ቤት ስገባ ልጄን ሜትር አስይዤ አስለካሁት፤ እሱም እየሳቀ ለካልኝ።

61 ዓመቴ ነው። የአየር ሽጉጥ፣ ማለትም በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር የሚሠራ የስፖርት ሽጉጥ፣ መተኮስ ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። ዒላማው 10 ሜትር ላይ ነው የሚቆመው። የጥቁሩ ክብ ስፋት 59.5 ሚሊሜትር ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመሃሉ ክብ ደግሞ 11.5 ሚሊሜትር ብቻ። ተኩስ የማያውቅ ሰው ዓይናችን ዒላማው ላይ የተተከለ ይመስለዋል። አይደለም። ዓይን የሚያርፈው የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ነው። እሱ እንደ ምላጭ ጠርቶ፣ ዒላማው ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ነው መታየት ያለበት። ጀማሪ ሁሉ ዒላማውን ለማየት ሲጓጓ ይስታል።

ሞራው ሲጀምረኝ ታዲያ መልካም ነገር ይዞ ነው የመጣው። የማንበቢያ መነፅሬን ተውኩት። ደቃቅ ጽሑፍ ያለ መነፅር ማንበብ ጀመርኩ። የፊት ማነጣጠሪያው ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ውጤቴም ወጣ። ለባለቤቴ «ዓይኔ ወደ ወጣትነቱ ተመለሰ» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ። ኋላ ሐኪሟ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። የዓይን ሌንስ መሃሉ እየጠጠረ ሲሄድ ብርሃንን ይበልጥ ያጎብጣል። ያኔ ቅርቡ ይጠራል፣ ሩቁ ይደበዝዛል። ወጣትነት ያልኩት በሽታው ራሱ ነበር።

ደስታዬ አንድ የውድድር ዘመን እንኳ አልሞላም። ስናነጣጥር ከፊት ማነጣጠሪያው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ይታያሉ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሽጉጡ ቀጥ ብሏል። እነዚያ መስመሮች ቀስ በቀስ ጠፉብኝ። አንድ ሰው በላያቸው ላይ የተነፈሰ መስታወት የጋረደባቸው ያህል ሆኑ። ጥፋቱን በመጀመሪያ በአምፖሉ ላይ አላከክሁ። ቀጥሎ በመነፅሩ፣ ቀጥሎ በማነጣጠሪያው ቀለም። ከጎኔ የሚተኩሰው ወጣት «ጋሼ፣ ዛሬም ወደ ግራ እየሄደብዎት ነው» ሲለኝ ለቃታው ሰበብ ፈለግሁለት። ማታ ስነዳ የመኪና መብራት ሁሉ እንደ ጸጉራም ኮከብ ሲበተንብኝ ግን ማንን ልወቅስ? ቃታ የለው!

ለጥቂት ወራት በዘዴ ኖርኩ። የተኳሽ መነፅር ላይ የሚገጠም፣ ቀዳዳው የሚጠብና የሚሰፋ ትንሽ መጋረጃ አለ። በጠባብ ቀዳዳ ስታይ ቅርቡም ሩቁም አንድ ላይ ይጠራል። ነገር ግን ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ብርሃን ይቀንሳል። ሞራ ያለበት ዓይን ደግሞ የሚፈልገው ብርሃን ነው። ከአንዱ ተበድሬ ለሌላው እከፍል ነበር ማለት ነው።

ምርመራው ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሞራ አገኘ፤ ግራው ብሶበታል። «እስኪበስል ልጠብቅ?» ብዬ ጠየቅኳት። አያቶቼ እንዲያ ሲሉ እሰማ ስለነበር ነው። አሁን እንደዚያ አይደለም አለችኝ። እንዲያውም ሌንሱ በጣም እስኪጠጥር ከተጠበቀ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። የሚያሟሟ ጠብታም የለም። ሞራው ኑሮዬን ካወከው ጊዜው ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ተዋጊ አብራሪዎች አውሮፕላናቸው በጥይት ሲመታ የመስኮቱ ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ የዓይን ሐኪም ዓይናቸው ስብርባሪውን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ እንዳልተቆጣ አስተዋለ። ከዚያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የመጀመሪያው እሱ ነው። ዛሬ ተኳሽ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ መነሻው ጥይት መሆኑን ሳስበው ይደንቀኛል።

ወደ ምርጫው ልመለስ። እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

አዲሱ ሌንስ እንደ ተፈጥሮው አይለጠጥም። አንድ ርቀት ላይ ይቆማል። መልቲፎካል የሚባል ዓይነት ግን አለ፤ ብርሃኑን ከፋፍሎ ቅርቡንም ሩቁንም ያሳያል። መነፅር ለሰለቸው ሰው ትልቅ ነገር ነው። እኔም ስሰማ ልቤ ዘሎ ነበር። ግን ብርሃን ሲከፋፈል ንፅፅር ይቀንሳል፤ ማታ ደግሞ መብራት ዙሪያ ቀለበት ሊታይ ይችላል። የእኔ ጨዋታ ሁሉ ጥቁር ብረት በነጣ ወረቀት ላይ መለየት ነው። ንፅፅር ካጣሁ ምን ቀረኝ? ያንን ተውኩት።

ሁለተኛው ሐሳብ የራሴው ነበር፤ ያኮራኝም እሱ ነው። ቀኝ ዓይኔን ልክ 90 ሳንቲሜትር ላይ ማቆም! ስሌቱ ቀላል ነው፤ 1ን ለርቀቱ በሜትር ማካፈል። ለ90 ሳንቲሜትር 1.1 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው) ያህል ይመጣል። ሲባጎውንም ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነበር። ሐኪሟ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ በትሕትና አፈረሰችብኝ። የዓይንን ርዝመት በማሽን ለክተው ቢያሰሉም ውጤቱ በግማሽ ዳዮፕተር ሊዛነፍ ይችላል። «ግማሽ ዳዮፕተር ቢዛነፍ ይቺ ቋጠሮ የት ትሄዳለች?» አለችኝ። ቤት ሄጄ አሰላሁት። በአንድ በኩል 62 ሳንቲሜትር፣ በሌላው ከ1 ሜትር ተኩል በላይ። «ደግሞስ በሳምንት ስንት ሰዓት ይተኩሳሉ? መኪና ሲነዱም በዚሁ ዓይን ነው» ብላ ጨመረች።

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ ገባኝ። ዓይኔ ውስጥ የሚገባው ሌንስ ለቀሪው ዘመኔ ነው። ሽጉጥ ስይዝ የማደርገው መነፅር ላይ ያለውን ግን በአንድ ደቂቃ አውጥቼ ሌላ እቀይራለሁ። መዛነፉን ዓይኔ ሊሸከመው አይችልም፤ መነፅሬ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ለሩቅ፣ ተራ ባለ አንድ ርቀት ሌንስ። በቴሌስኮፕ የሚተኩስ ጠመንጃ ቢኖረኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይገጥመኝም ነበር፤ ቴሌስኮፑ ዓይን በሚጠጋበት ጫፉ ላይ ይስተካከላል።

ግራው አስቀድሞ ተሠራ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምለው የለኝም። ማደንዘዣ ጠብታ፣ ብሩህ መብራት፣ ውኃ፣ የማሽን ድምፅ። ከፈራሁት በላይ አጭር ነበር። በማግሥቱ መሸፈኛው ሲነሣ ግድግዳው ነጭ ነበር። ነጭ ስል ነጭ! ቀኙን ዓይኔን ስገልጥ ያው ግድግዳ የአሮጌ ጋዜጣ ቀለም ሆነ። በዚያ ጋዜጣ ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖርኩ እንጃ።

ሐኪሟ ስለ ርግጫ፣ ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ ኋላ ስለሚገፋው ግፊት፣ ጠይቃኝ ነበር። የአየር ሽጉጥ ርግጫው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቢሆንም አራት ሳምንት አስቆመችኝ፤ ከባድ ነገር ማንሣትም ከለከለችኝ። የባሩድ መሣሪያ የምትተኩሱ ግን ይህን ሳትጠይቁ እንዳትወጡ።

አራቱ ሳምንት ሲያልቅ ጥይት በሌለው ሽጉጥ፣ በተሠራው ዓይን አነጣጠርኩ። መነፅር ሳላደርግ ዒላማው ጥርት ያለ ነው፤ ማነጣጠሪያው ግን ጭጋግ። መነፅሩ ላይ የ1.00 ሌንስ ስገጥም ማነጣጠሪያው ምላጭ ሆነ፤ ዒላማው ግን ከልክ በላይ ተበተነ። በ0.75 ሁለቱም ታረቁ። የብረቱ ጠርዝ ቀጥ አለ፣ ጥቁሩ ክብ ክብነቱን አላጣም። እነዚያ ሁለት የብርሃን መስመሮችም ግራና ቀኝ ቆመው ጠበቁኝ። ክንዴ እስኪዛል አልወረድኩም።

አንዳንዶች «በቃ በግራው ተኩስ» ይሉኛል። ሞከርኩት። ሽጉጡ በቀኝ እጅ፣ ዓይኑ በግራ፤ አንገቴ ተጣሞ ሁለት ቀን አመመኝ። ስለዚህ ግራው ፈዛዛ ቀለም ባለው፣ አጥርቶ በማያሳይ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ወንድሙን ይጠብቃል። ካልሸፈንኩት ብርሃኑ ስለሚበዛ አእምሮዬ ወደ እሱ ይሸሻል።

የቀኙ ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ በአሮጌው ጋዜጣ እየተኮስኩ ነው። ትናንት ከ60ው ተኩስ ስንቱ አሥር እንደገባ ብቻ አትጠይቁኝ።