ከዊቲየር ወደብ እስከ ደናሊ ተራራ

በመዝናኛ መርከብ የመጨረሻው ሌሊት ሻንጣ ከባለቤቱ ቀድሞ ይወርዳል። ማታ ባለ ቀለም ወረቀት ይታሰርበትና በር ላይ ይቀመጣል፤ ጠዋት ወደቡ ላይ ባለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ በቀለሙ ተፈልጎ ይገኛል። የእኛ ቀለም እስኪጠራ ድረስ መስኮት ዳር ተቀምጠን ዊቲየር የምትባለውን የአላስካ ወደብ ስንመለከት ቆየን። ደመናው ከተራራው ወገብ በታች ወርዷል፣ ዝናቡ ያካፋል። እናቴ ጋቢዋን እንደ ተከናነበች፣ «ይህ ሐምሌ የደብረ ብርሃንን ሐምሌ ያስንቃል» አለች።

አብዛኛው መንገደኛ ከመርከቡ እንደ ወረደ በአውቶቡስ ወይም በባቡር የአላስካ ትልቋ ከተማ ወደሆነችው አንከሬጅ ይሄድና እዚያው ቀን አውሮፕላን ይሳፈራል። እኔ በዚህ አልስማማም። መርከብ የአላስካን ዳርቻ ያሳያል፤ ያውም በሚገባ። ዊቲየር ከመድረሳችን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ኮሌጅ ፊዮርድ ወደሚባለው የባሕር ሰርጥ ገብተን ነበር፤ በ1899 በፈረንጆች አቆጣጠር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) እዚያ የደረሱ ተመራማሪዎች የበረዶ ግግሮቹን ሃርቫርድና ዬል እያሉ በታላላቅ ኮሌጆች ስም ጠርተዋቸዋል። በረዶው እየተሰነጠቀ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ የሩቅ ነጎድጓድ ይመስላል። ነገር ግን በመርከብ ላይ መቆሚያውንም መነሻውንም የሚወስነው ካፒቴኑ ነው። አገሩ የሚታወቀው መኪና ይዘው፣ ደስ ባለዎት ቦታ ዳር ይዘው ሲወርዱ ነው። ለዚህም ነው እኔና ባለቤቴ ገና ከሲያትል ሳንነሣ መኪና ያስያዝነው።

ዊቲየር ራሷ ልዩ ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የመሠረታት ወደብ ስትሆን፣ ዛሬ ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ባለ 14 ፎቅ በሆነ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ። ተማሪዎች በክረምቱ በረዶ እንዳይቸገሩ ከሕንፃው እስከ ትምህርት ቤቱ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ተሠርቶላቸዋል።

ከዚህች ከተማ በመኪና የሚወጣው በአንድ ዋሻ ብቻ ነው። ዋሻው ተራራውን ሰንጥቆ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ1943 ለባቡር ተከፍቶ፣ መኪና እንዲያልፍበት የተፈቀደው በ2000 ነው። መስመሩ አንድ ስለሆነ ባቡሩም፣ የሚገባውም፣ የሚወጣውም መኪና በየተራ ይጠቀምበታል። ከዊቲየር የሚወጡት የሚለቀቁት በየሰዓቱ ነው፤ ተራው ያመለጠው ሰው ቀጣዩን ሰዓት ይጠብቃል። ቁጥር በተጻፈበት መስመር ተሰልፈን፣ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ርቀታችንን ጠብቀን አንድ በአንድ ገባን። ጎማዎቻችን የሐዲዱን ብረቶች መሐል አድርገው ይሽከረከራሉ። ግድግዳው ያልተለሰነ ጥቁር ዓለት ነው፤ ውሃ ይንጠባጠብበታል። እናቴ ገና ስንገባ አማትባ ጸሎቷን ጀመረች፤ ብርሃን እስክናይ ድረስም ቃል አልተነፈሰችም።

ከዋሻው ማዶ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደ ተጓዝን ያየነውን አልረሳውም። ከዋናው መንገድ ዳር ረግረጉ ላይ የጥድ ዓይነት ዛፎች ቆመዋል፤ ቅጠልም ቅርፊትም የላቸውም፣ እንጨታቸው ነጥቶ አመድ መስሏል። መኪናውን አቆምን። እዚህ ፖርቴጅ የምትባል መንደር ነበረች። መጋቢት 27 ቀን 1964 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በምዕራባውያን የስቅለት ዕለት አመሻሽ ላይ፣ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ በኃይሉ ሁለተኛ የሆነው የምድር መንቀጥቀጥ ደቡብ አላስካን መታ፤ መጠኑ 9.2 ነበር፣ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማም ቆየ። የፖርቴጅ መሬት 2 ሜትር ገደማ ሰመጠ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ጨዋማው ውሃ መንደሩ ውስጥ እየገባ ሰዎቹን አስለቀቃቸው፤ ዛፎቹንም በቆሙበት ገደላቸው። ጨው ስለ ጠጡ አልበሰበሱም ይባላል። ከሣሩ መካከል የፈራረሰ ጎጆ ጣሪያ ብቅ ብሎ ይታያል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስትተርክላት እናቴ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «ሕዝቡስ የት ሄደ?» ስትል ጠየቀች። ከዋሻው በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር ነበር የወጣነው፤ እዚያ የቆምነው ግን እኛ ብቻ ነበርን። ይህ ያሳዝነኛል፤ ለዚህች መንደር አሥር ደቂቃ የሚጠፋ አይመስለኝም።

ከዚያ እስከ አንከሬጅ መንገዱ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ሐዲድና ባሕር ይዞ ይጠማዘዛል። ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው ጭቃ ጠንካራ መሬት ይመስላል፤ ሰው ከረገጠው ግን እግሩን ይዞ አይለቅም፤ የሞላው ባሕር ደግሞ ፈጥኖ ይመለሳል። በየቦታው የተተከሉትን ማስጠንቀቂያዎች ማክበር ነው። አንከሬጅ ስንቅና ነዳጅ ከሞላን በኋላ ብዙ አልቆየንም።

ወደ ሰሜን የሚወስደው የፓርክስ አውራ ጎዳና ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ በደን የተከበበ ነው። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚሰባሰቡባት ታልኪትና የምትባል ከተማ ስንደርስ ደናሊ በደመና ተሸፍኖ ነበር፤ ሊያየው ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ሳያየው ይመለሳል። እኛ ግን የሚያጣድፈን ስላልነበረ ወንዙ ዳር ተቀምጠን ጠበቅን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ደመናው ከላይ ወደ ታች ተገፈፈና 6,190 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ወለል ብሎ ታየ። የራስ ዳሸን ግርማ ከደጋ ላይ ሆኖ የሚታይ ነው፤ ይህኛው ግን ከዝቅተኛ ሜዳ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ዓይን ጫፉን በተለመደው ቦታ ፈልጎ አያገኘውም፤ ከዚያ በላይ ቀና ማለት ያስፈልጋል። በ1913 መጀመሪያ ጫፉን የረገጠው ዋልተር ሃርፐር የተባለ የአገሩ ተወላጅ ወጣት ነበር። ይህን ስነግራት እናቴ ደስ አላት፤ «የአገሩ ልጅ መሆኑ መልካም ነው» አለች።

በማግስቱ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ገባን። በአገሩ በጋ፣ እኛ በሄድንበት ወቅት ማለት ነው፣ የግል መኪና የሚፈቀደው እስከ 24ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚኬደው በፓርኩ አውቶቡስ ነው። የአውቶቡሱ ሥርዓት በጣም ደስ ይላል፤ አውሬ ያየ ተሳፋሪ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያስቆም ይፈቀድለታል። እናቴ ከወንዙ ጠጠር ላይ ቀንዱ የተንሰራፋ ካሪቡ የሚባል የአጋዘን ዓይነት ከሁላችንም ቀድማ አየችና በአማርኛ «ቁም! ቁም!» አለች፤ ሾፌሩም ወዲያው ቆመ። ከኋላችን የተቀመጡ አዛውንት ባልና ሚስት አጨበጨቡላት።

ይህን መንገድ ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልንገር፤ በበጋ ወራት ከወደቡ አካባቢ የሚከራዩ መኪኖች ጥቂት ናቸውና የመርከቡ ትኬት በተቆረጠ ሰሞን መኪናውንም ማስያዝ ይገባል። አውሮፕላኑን ደግሞ መርከቡ በሚደርስበት ቀን አትቁረጡ።