በስዊትወተር ወንዝ ዳር፦ ከተቃጠለው ፋብሪካ ባሻገር

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ የበዓሉ ዶሮ ወጥ ገና ከሰውነታችን ሳይወጣ፣ ጋሼ ከምላቸው ጎረቤቴ ጋር ከክላርክስተን ተነሥተን በአይ 20 ሀይዌይ ወደ ምዕራብ አቀናን። የምንሄደው ከአትላንታ በስተምዕራብ፣ ሊትያ ስፕሪንግስ አጠገብ ወደሚገኘው የጆርጂያ ግዛት ፓርክ፣ ወደ ስዊትወተር ክሪክ ነበር። ለመኪና ማቆሚያ 5 ዶላር ከፍለን ከጎብኚዎች ማዕከል ካርታ ወሰድን። እያንዳንዱ የእግር መንገድ በቀለም የተለየ ሲሆን፣ ዛፎቹም ላይ ያው ቀለም ተቀብቶ ስለሚታይ፣ ካርታውን አጥፎ ኪስ ውስጥ ከትቶ ግንድ ግንዱን እያዩ መሄድ ይቀላል። የመረጥነው በቀዩ መንገድ ወንዙን ተከትሎ የሚወርደውን፣ ከዚያም ከነጩ ጋር ገጥሞ በኮረብታው በኩል ወደ ተነሣንበት የሚመልሰውን፣ 5 ማይል ያህል የሆነውን ዙሪያ ነው። ክብደቱ መካከለኛ ነው ይባላል፤ ግማሹ ከዚያ ያነሰ፣ ግማሹ ደግሞ ከዚያ የባሰ መሆኑን የተረዳሁት ከሄድኩበት በኋላ ነው።

መጀመሪያው ሰፊና ለጥ ያለ ነው። ወንዙ በግራችን ይወርዳል፤ ከዋዜማው ዝናብ የተነሣም ቀለሙ ሻይ በወተት መስሎ ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ጋሼ ድንገት ቆሙና በመንገዱ ጎን የተዘረጋውን፣ ቅጠል የሞላውን ረጅም ጉድጓድ በምርኩዛቸው አመለከቱኝ።

«ይኼ የወፍጮ ቦይ ነው» አሉ።

እኔ የጎርፍ መውረጃ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የውኃ ወፍጮ ባለበት አገር ያደጉ ናቸውና፣ ወንዙ በራሱ ቁልቁለት እየወረደ ሲሄድ ቦዩ ግን ከፍታውን ሳይለቅ ውኃውን በጎን እንደሚያደርስ፣ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የከፍታ ልዩነትም መዘውሩን እንደሚያዞር እየተራመዱ አስረዱኝ። ወደ ግማሽ ማይል ከሄድን በኋላ ቦዩ ውኃ ያቀብለው የነበረው የኒው ማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አለ።

በ1849 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ይህ ባለ አምስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ዛሬ ጣሪያም ወለልም የለውም፤ የቀረው ግድግዳው ነው፤ በመስኮቶቹ ክፍተት ከወዲያ ማዶ ያለው ደን ይታያል። በአጥር ስለተከለለ ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር ካልሆነ በቀር ወደ ውስጥ አይገባም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው ለደቡቡ ጦር ጨርቅ ያመርት ስለነበር፣ የሰሜኑ ሠራዊት በጁላይ ወር 1864 እ.ኤ.አ. አቃጠለው። ከእሳቱ ይልቅ የሚከብደው የሠራተኞቹ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ሲሆኑ፣ እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ወደ ማሪዬታ ተወሰዱ፣ ከዚያም በባቡር ወደ ሰሜን፣ ወደ ሉዊቪል ኬንታኪ ተላኩ። ብዙዎቹ ተመልሰው አልመጡም፤ በዙሪያው የነበረችው የሠራተኞች መንደርም ጠፍታ ቀረች። እናቴ በእንዝርት ስትፈትል እያየሁ ስላደግሁ፣ ለእኔ ፈትል የቤትና የወሬ ሥራ ነው፤ በፈትል ምክንያት ሰው ሊጋዝ መቻሉን ለመቀበል ከአጥሩ ሥር ትንሽ መቆም አስፈልጎኛል።

ብዙ ጎብኚዎች እዚህ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ፤ በእኔ ግምት ይህ ስሕተት ነው። ከፋብሪካው በታች ወንዙ ጠባዩን ይለውጣል። ሸለቆው ይጠብባል፣ መንገዱ ወደ ዐለትና ወደ ዛፍ ሥር ይለወጣል፣ አንዳንድ ቦታም በእጅ እየተደገፉ መውረድ ግድ ይሆናል። ሶሉ ያለቀ ስኒከር አድርጌ መምጣቴን ሰላሳ እርምጃ ሳልሄድ ተጸጸትኩበት፤ እርጥብ ዐለት ላይ አዳለጠኝና በጉልበቴ ተደፋሁ። ከእኔ በሃያ አምስት ዓመት የሚበልጡት ጋሼ በምርኩዛቸው ዐለቱን ቀድመው እየነኩ፣ ለማስጨነቅ ያህል እንኳ ሳይንገዳገዱ አለፉ። «አንተ ልጅ፣ እግርህን ሳይሆን ዐይንህን ነው የምታስቀድመው» አሉኝ።

በወንዙ ዳር ማውንቴን ሎረል የሚባለው ቁጥቋጦ አብቦ ነበር፤ ጽዋ የሚመስሉት ነጭና ሮዝ አበቦቹ እስከ ውኃው ድረስ ያጎነብሳሉ። ቅጠሉ ግን መርዛም ነው። ወዲያው ካርታው ፏፏቴ ብሎ ከሚጠራው ቦታ ደረስን። ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ይህን ፏፏቴ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም፤ ውኃው ከዐለት ዐለት እየተላተመ ረጅም ርቀት የሚወርድበት ፈጣን ፍሰት ነው። ሆኖም ድምፁ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ስለሚውጥ፣ በአጠገቡ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳንነጋገር ተቀመጥን። የፋብሪካው ባለቤቶች ይህን ቦታ ለምን እንደ መረጡ ለመረዳት ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ይህ ጩኸት ይበቃል።

ነጩ መንገድ ከዚያ በኋላ ጥቂት ወንዙን ተከትሎ ይለየዋል። ዳገቱ ረጅም እንጂ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጥድና የኦክ ዛፎች በበዙበት ጸጥ ያለ ደን ውስጥ ያስኬዳል። ከላይ ካለችው ትንሽ ሐይቅ ዳር የያዝነውን ቆሎ ቆረጠምን። የቀረውን መንገድ በፍጥነት ጨርሰን፣ ከተነሣን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆነን መኪናው ዘንድ ደረስን።

እኔ ጫማዬን አውልቄ ጉልበቴን ማሻሸት ስጀምር ጋሼ አልተቀመጡም። ቦዩ ውኃውን ከወንዙ የሚቀበልበትን አፍ ሳያዩ እንደማይሄዱ ነግረውኝ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በቀዩ መንገድ እንደገና ወረዱ።