ሞዴል 19 እና የሼኹ ሙስበሃ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመነታሁ። መዳኔን ለመናገር መጀመሪያ መስረቄን መናገር አለብኝና።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግንባታ ፕሮጀክት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ዕቃ ሲገባ ቆጥሬ ሞዴል 19 የሚባለውን የመረከቢያ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ ሲወጣ ሞዴል 22። በቃ ሥራዬ ይኸው ነው።

አምና አንድ መኪና ሲሚንቶ መጣ። ሰነዱ 400 ኩንታል ይላል። ሲራገፍ 20 ኩንታል ጎደለ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "በሚቀጥለው ጭነት ይሟላል፤ አታካብድ፣ ፈርም" አለኝ። ማንም አላስፈራራኝም። ቢያስፈራሩኝ ኖሮ እልህ ይዞኝ እምቢ የምል ይመስለኛል። ግን ሁሉም ቆሞ ያየኛል፣ መኪናው ሞተር አላጠፋም፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል። አፈርኩና ፈረምኩ። ካርቦኑ ጣቴን አጠቆረው። ማታ መሳቢያዬ ውስጥ 3,000 ብር የያዘ ፖስታ አገኘሁ። ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ገዛሁበት።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 32 ላይ ሕዝቡ አሮንን ከበበው። ወርቃቸውን ተቀብሎ ጥጃ ቀረጸላቸው። ሙሴ ሲቆጣው ግን "ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ ይህ ጥጃ ወጣ" አለ። ድሮ ይህን ሳነብ እስቅ ነበር። ለባለቤቴ "ሰነዱ ራሱ ተሞልቶ ነው የመጣው" ያልኳት ቀን ሳቄ ጠፋ።

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ጸለይኩ። ምን ብዬ? "ኦዲተር አታምጣብኝ" ብዬ። እንዲህ ያለም ጸሎት አለ።

መጋቢት 27፣ በመድኃኔዓለም በዓል፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ መድኃኔዓለም ሄድኩ። አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም "ወደ ፈተና አታግባን" የሚለው ላይ ድምፄ ቆመ። ገብቼ ተቀምጬ አታግባን እላለሁ! አለቀስኩ። "አፌን ክፈትልኝ እንጂ ሌላ አልለምንህም" አልኩ። ጃንጥላም ተሳልኩ።

በሳምንቱ ሌላ መኪና መጣ። ያው 400 ኩንታል፣ ማለትም 800 ከረጢት። አለቃዬ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። "ቆጥሬ ልፈርም" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። አንዱ ሳቀ። አንዱ "ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?" አለ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።

ዘበኛችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሼኹ እንላቸዋለን። ከበር ተነስተው መጡና "እኔ እቆጥርልሃለሁ" አሉኝ። ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ አወጡ። በእያንዳንዱ ከረጢት አንድ ዶቃ። 99 ሲሞላ አንድ ጠጠር መሬት ላይ ያስቀምጣሉ። ወዛደሮቹ ሲራገፍ ቶሎ ቶሎ ሊያምታቱ ሞከሩ፤ እሳቸው አልቸኮሉም። መጨረሻ ላይ ሰባት ጠጠር ተደርድሯል፣ በእጃቸው 27 ዶቃ አልፏል። 720 ከረጢት። 40 ኩንታል የለም ማለት ነው።

27 የሚለውን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ የመድኃኔዓለም ወዳጅ ያውቀዋል።

360 ኩንታል ብዬ ሞዴል 19 ቆረጥኩ። አለቃዬ ምንም ሳይለኝ በሩን ወርውሮት ወጣ። በማግስቱ ስለ መጀመሪያው 20 ኩንታልም በእጄ ጽፌ ለዋናው መሥሪያ ቤት አስገባሁ። ከቦታዬ ተነሳሁ። የ20ው ኩንታል ዋጋ እስከ ዛሬ ከደመወዜ ይቆረጣል። ባለቤቴ ሽሮውን አቅጥናዋለች፤ እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

የተሳልኩትን ጃንጥላ ለመግዛት ብር አጠረኝ። ለሼኹ እያዘንኩ ነገርኳቸው። "አብሽር!" አሉና ከኪሳቸው 100 ብር አወጡ።

"ሼኽ፣ ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ስለት ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?" አሉኝ።