ቀበናን በጠርሙስ ተከትዬ

የመመረቂያ ጥናቴን ስጀምር ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ይነሳል፣ አዲስ አበባን ሰንጥቆ ታላቁ አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። አምስት ቦታ መርጬ ውሃ እቀዳለሁ፣ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። በቃ።

እንጦጦ ላይ ውሃው ሥር ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። የሟሟው ጨው ትንሽ ስለሆነ የኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) መለኪያው ቁጥር ዝቅ ያለ ነው። ወደ መሀል ከተማ ስወርድ ግን በየድልድዩ እያሻቀበ ሄደ። ለዚህ ላብራቶሪም አያስፈልግ፤ ወንዙ ዳር የተደቀኑትን ቱቦዎች ማየት ይበቃል። የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የኦሞ አረፋ፣ የጋራዥ ዘይት። ያልጠረጠርኩት ሲሚንቶውን ነበር። ኮንክሪት ዝናብ ባጠበው ቁጥር ካልሲየም ይለቃል፣ የውሃውንም ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከፍ ያደርጋል። ሕንፃው ራሱ ወንዙ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ስህተቴ ብዙ ነው። መጀመሪያ፣ የእንጦጦው ውሃ ኦክስጅን ያነሰው መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ያነጻጸርኩበት ሰንጠረዥ ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። 20 ዲግሪ ላይ እዚያ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እኛ ጋ፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቢበዛ 7 ገደማ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ታች፣ ውሃው ጠቁሮ በሚሸትበት ቦታ፣ ናይትሬት፣ ማለትም ብክለት ከሚታይባቸው የናይትሮጅን ውህዶች አንዱ፣ አነስተኛ ሆኖ አገኘሁት። «እዚህስ ይሻላል» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ! አማካሪዬ አንብቦ ሳቀ። ኦክስጅን ሲያልቅ ከፍሳሹ የሚመጣው አሞኒያ ወደ ናይትሬት አይለወጥም፤ የነበረውንም ናይትሬት ባክቴሪያዎች ይጨርሱታል። አሞኒያውን ስለካ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ጉዱ ወጣ።

ሦስተኛውን የነገሩኝ አቃቂ አካባቢ ወንዙ ዳር ጎመን የሚያለሙ እናት ናቸው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ልጄ፣ አንተ የምትመጣው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ይሄ ወንዝ ሌላ የሚሆነው ሌሊት ነው» አሉኝ። እሺ ብዬ ዝም። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እየቀዳሁ ከረምኩ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ሄድኩ። አረፋው ጉልበት ይደርሳል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ቀን ቀን አልጌው ፀሐይ እየሞቀ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ደግሞ ራሱም ይጠቀማል። በዚያ ላይ ጨለማን ተገን አድርጎ የሚለቀቅ ፍሳሽ አለ፤ ከየት እንደሆነ አላየሁም። የኦክስጅን መለኪያዬ ዜሮ አጠገብ ቆመ። የሁለት ወር መረጃዬ የወንዙን ደህና ሰዓት ብቻ ነበር የያዘው፤ እንደገና ጀመርኩ።

እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም። ቡና አቀረቡልኝ። ስኒውን ይዤ ሳመነታ ገባቸው።

«የቧንቧ ነው፣ ጠጣ።»