«መጀመሪያ አጨብጭቢ»፦ ጥምቀትን ምንጃር ያሳለፍንበት ዓመት

ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረው ልጄ ለትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን እስክስታ ስትለማመድ የከረመችው እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከእናቷ ስልክ በምትከፍተው አንድ ዘፈን ነበር። ዘፈኑ የት ላይ እንደሚፈጥንና የት ላይ እንደሚያበቃ በቃሏ ስለያዘችው፣ ከመጨረሻው ምት ጋር እኩል ቆማ እጇን ወገቧ ላይ ስታሳርፍ እኔና እናቷ ደስ ብሎን እናጨበጭብላት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ከእናቴ ጋር ለማክበር ወደ ምንጃር ስንነሳም ልጅቷ የሀገሩን ሰው ልታስደንቅ እንጂ ልትማር እንደምትሄድ አላሰበችም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላሰብኩም።

በሞጆ በኩል አድርገን አረርቲ ስንደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ምንጃር የጤፍ ሀገር ነው፤ ጥር ሲገባ አዝመራው ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ስለሚገባ፣ ገበሬው እጁን ከሥራ የሚያሳርፍበት ጊዜ ከጥምቀቱ ጋር ይገጥማል። ሠርጉም የሚበዛው በዚሁ ወር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ እህሉም ጠላውም በቤት ሳለ መዳር ያለበት ይዳራል። ስለዚህ በጥር ወር አንድ የምንጃር መንደር ውስጥ ከበሮ ሳይሰማ የሚመሽበት ቀን ጥቂት ነው።

በማግሥቱ ማታ የወንድሜ ልጆችና የጎረቤት ልጆች በእበት የተለቀለቀው ባዶ አውድማ ላይ ተሰበሰቡ። ታላቋ የወንድሜ ልጅ ከበሮውን በጠፍር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መምታት ስትጀምር፣ ልጄ ማንም ሳይጋብዛት መሐል ገብታ የለመደችውን ወረደችው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ኋላ ግን ከበሮው ስልኩ በሚያውቀው ቦታ አልፈጠነም፤ እሷ ትከሻዋን ልታጣድፍ ስትል ምቱ ረጋ አለ፣ ልታቆም ስትል ደግሞ ገና መጋል ጀመረ። ከበሮ መቺዋ ዓይኗን ከተጨፋሪው ትከሻ ላይ ሳትነቅል፣ ትንፋሹን አይታ የምታፋጥንና የምታበርድ መሆኗን ልጄ ከየት ታውቀዋለች? ግራ ተጋብታ ቆመች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «ትከሻሽን ተይው እናትዬ፤ መጀመሪያ አጨብጭቢ» አለቻት።

ይህ ንግግር ሕፃንን ለማባበል የተባለ ብቻ አይደለም። በሀገር ቤት ጭፈራ አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ፤ አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፣ የቀረው ሕዝብ በአንድ ድምፅ ይቀበላል፣ ጭብጨባው ደግሞ ሁሉንም ያስራል። መሐል ገብቶ እስክስታ የሚመታው ሰው የሚታየው እሱ ቢሆንም፣ ጨዋታው የሚቆመው በዙሪያው ባሉት መዳፎች ነው። ተቀባይ ሲደክም የትኛውም ዓይነት ትከሻ ብቻውን ጨዋታውን አያድነውም። ልጄ ያን ምሽት ከአጎቷ ልጆች መካከል ቆማ ስታጨበጭብ አመሸች፤ እጇም ቀልቶ ነበር። በማግሥቱ ረፋድ ላይ እናቴ ጤፍ ስታንገዋልል አጠገቧ አስቀምጣ ሰፌዱን አስያዘቻት፤ ልጅቷ ሰፌዱን በክንዷ ስትገፋው ጤፉ ተበተነ፣ ከትከሻዋ ስታንቀሳቅሰው ግን ፍሬው ለብቻው እየተጠቀለለ መጣ። እናቴ ስለ እስክስታ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ እኔም በልጅነቴ ትከሻዬን ከየት እንዳመጣሁት ያን ጊዜ ገባኝ።

ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። በኢራንቡቲ 44 ታቦታት በአንድነት የሚያድሩበት ጥምቀተ ባሕር ስላለ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ካህናቱ በዝማሬ፣ አዛውንቱ በእርጋታ፣ ወጣቱ ደግሞ ዱላውን ወደ ላይ ይዞ በሆታ ይሄዳል፤ ሴቶቹም «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለለትን ቀሚሳቸውን አውጥተዋል። የምንጃር ወንዶች ጨዋታ ዝላይ አለበት፦ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰለፉና በከበሮው ምት እኩል ይነሣሉ፣ እኩል ያርፋሉ፤ አቧራው የሚነሣው በአንድ ጊዜ ነው። ወንድሜ እጄን ጎትቶ ሰልፉ ውስጥ አስገባኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ሊዘል እንደሚችል የሚገምት ይገምት፤ እኔ ሁልጊዜ ግማሽ ምት ዘግይቼ ስለምነሣ፣ በመጨረሻ ተረከዜ ጎረቤቴ እግር ላይ አረፈ። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ይህን አይታ ዝም የምትል አልነበረችም፤ ወዲያው ግጥም አወረደች፦

ከተማ ገባና ዘነጋው ወይ እግሩን፣
ሰው ሲያርፍ ይዘላል ጠብቆ ተራውን።

ሕዝቡ ተቀበላት። በሌላ ቀን «አባባ» እያለች ዝቅ ብላ እግሬን ልታጥብ የምትነሣ ልጅ፣ ከበሮ በአንገቷ ላይ ሲሆን ግን ታላቁን መንካት ይፈቀድላታል። የተረገጠው ጎረቤቴም ከሁሉ ይልቅ እየሳቀ ይቀበል ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ በባህል ምሽት ቤቶች የሚቀርበውን ጭፈራ አልጠላም፤ በአንድ ምሽት ከጎጃም ወደ ወሎ፣ ከጎንደር ወደ ሸዋ ያሻግራል፣ ተጨፋሪዎቹም የተካኑ ናቸው። ነገር ግን እዚያ ጎጃም የሚያበቃው ዘፈኑ ሲያበቃ ነው፤ ተመልካቹም ክትፎውን ይበላል እንጂ አጨብጭብ የሚለው የለም። ደግሞም መድረክ ላይ እያንዳንዱ አካባቢ በልብስ ተለይቶ ተራ በተራ ስለሚወጣ፣ የምንጃርና የአጎራባቹ የኦሮሞ ሕዝብ ጨዋታ በገበያና በጋብቻ እንዴት እንደተዋሰ አይታይም። በከተራው መንገድ ላይ ግን ሁለቱም ከበሮዎች ጎን ለጎን ይሰሙ ነበር።

በጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ተረጭቶ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው መመለስ ሲጀምሩ ልጄ መሐል ገባች። ማንም አልጠራትም፤ ስታጨበጭብ ቆይታ፣ አንዲት የእሷ እኩያ ከክቡ ስትወጣ ቦታውን ሳይቀዘቅዝ ያዘችው። ሳሎን ውስጥ ያጠናችው ነገር ግማሹ አልነበረም። ዓይኗ ከበሮ መቺዋ ላይ ነበር፤ ምቱ ሲረጋ አንገቷን ብቻ አስቀረች፣ ሲግል ትከሻዋን ለቀቀች፤ ምናልባት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ባለቤቴ ልትቀርጽ ያወጣችውን ስልክ ረስታ ታጨበጭብ ስለነበር የዚያ ደቂቃ ቪዲዮ የለንም። በማግሥቱ፣ የሚካኤል ታቦት ሲገባ፣ ከእናቴ ማኅበርተኞች ጋር ድፎ ዳቦውንና ጠላውን ቀምሰን ተመለስን።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጥምቀትን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ማስፈሩን በዜና ስንሰማ፣ ልጄ «የእምዬም አውድማ ተመዘገበ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

የወላጆች ቀኑም ደረሰ። ልጄ ዘፈኑ በስልክ እንዳይከፈት መምህሯን ለምና፣ አንዷ ጓደኛዋ በጄሪካን ከበሮ እንድትመታ፣ የቀሩት ደግሞ እንዲቀበሉ አደረገች። ምቱ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋባቸው፤ ወላጆቹ እያጨበጨቡ መለሱላቸው። ለዚሁ ሲባል ከቤታችን የሄደው ቢጫ ጄሪካን ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።