ፖርቱ ይዞት የወጣው ፓድ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ከሱቄ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ተራ ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ። የሚያሠራው ወጣት ያለው ሁለት ፒኤስ 4 ስሊም ኮንሶል ብቻ ነው። አንዱን በፌስታል ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ መብራቱ ነጭ ይሆናል፣ ቲቪው ግን ምንም አያሳይም» አለኝ። የቲቪው ገመድ የሚሰካበት የኤችዲኤምአይ ፖርት ተጣሟል። አንድ ልጅ ሲያልፍ ገመዱን በእግሩ ጠልፎታል።

ፖርት መቀየር ለእኔ አዲስ አይደለም። ሙቅ አየር በሚነፋው ሆት ኤር አሞቅኩት። ሶልደሩ፣ ፖርቱን ከቦርዱ ጋር የያዘው ብየዳ፣ ማብረቅረቅ እንደጀመረ መብራት ሄደ። ሳይቀዘቅዝ ላውጣው ብዬ በወረንጦ ሳብኩት። ወጣ፤ ግን ሦስት ፓድ ገንጥሎ ወጣ። ልቤ ስንጥቅ አለ። የሰው እንጀራ ነው።

ፓድ ማለት ቦርዱ ላይ የተጣበቀ ስስ መዳብ ነው። ሶልደሩ በደንብ ሳይቀልጥ ፖርቱን ከሳባችሁ የምትስቡት ፓዱን ነው። የፋብሪካው ሶልደር ሊድ (እርሳስ) የለውም፤ 217 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው። የግራውንድ (የኔጋቲቭ) እግሮቹ ደግሞ ከሰፊ መዳብ ጋር ስለተያያዙ ሙቀቱን ይጠጡታል። ሌላው ቀልጦ እነሱ ገና ደረቅ ናቸው። አሁን ከመንቀሌ በፊት ሊድ ያለው ሶልደር እደርብበታለሁ። እሱ 183 ላይ ስለሚቀልጥ ሲቀላቀሉ የድሮውም ቶሎ ይለቃል። ቦርዱንም ከሥር አሞቀዋለሁ። በመሃል መብራት ከጠፋ ደግሞ እጄን አነሳለሁ። ቦርዱ ቢቀዘቅዝ እንደገና ይሞቃል፤ ፓድ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ።

ኤችዲኤምአይ 19 ፒን (ቀጫጭን የመገናኛ እግር) አለው። የሁሉም ጉዳት እኩል አይደለም፤ ስለዚህ ሽቦ ከማንሳቴ በፊት ቆጠርኩ። የተነሡት 1፣ 17 እና 19 ናቸው። 17 ግራውንድ ነው፤ ከፖርቱ ቆርቆሮ እግር ጋር ማገናኘት ይበቃዋል። 19 ቲቪው መሰካቱን ለኮንሶሉ የሚነግረው መስመር ነው። እሱ ከተቆረጠ ኮንሶሉ ቲቪ መኖሩን አያውቅም። 1 ግን የምስል ዳታ ነው። ያደከመኝ እሱ ነው።

የፒን 1ን መስመር ፖርቱ አጠገብ ቀለሙን ፍቄ ሽቦ ለመበየድ ፈራሁ። በፒኖቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ምላጩ ትንሽ ቢያልፍ ጎረቤቱን ይቆርጣል። ስለዚህ ወደ 4 ሳንቲሜትር የሚሆን ሽቦ በዳር አዙሬ ራቅ ያለ ቦታ ላይ በየድኩት። በመልቲሜትር ለካሁ፣ ልክ ነው። አዲስ ፖርት ገጥሜ አበራሁት፤ ምስል መጣ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይረጫል፣ ይጠቁራል፣ ይመለሳል።

አንድ ቀን ሙሉ ሌላ ቦታ ስፈልግ ዋልኩ። ጥፋቱ ሽቦው ውስጥ ነበር። ፒን 1 ከፒን 3 ጋር ጥንድ ነው፤ አንዱን ምልክት ተካፍለው ነው የሚወስዱት፣ እኩል መድረስ አለባቸው። የእኔ ሽቦ አንዱን ዙሪያ ጥምጥም ወስዶ አዘገየው። መልቲሜትሩ መገናኘቱን እንጂ ይሄን አይነግርም።

ፈታሁት። ቦርዱን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩ። በአዲስ ምላጭ ጫፍ፣ ሳልጫን፣ በመስመሩ ርዝመት ብቻ ፋቅኩ። ቀለሙ እንደ ዱቄት ተነሣ። ከሥሩ ፀጉር የምታህል ቀይ መዳብ ብልጭ አለች። ሶልደሩን የሚያስይዝ ፍላክስ ቀባሁ፣ ሶልደር አስነካሁ። 0.1 ሚሊሜትር ቫርኒሽ ያለው የመዳብ ሽቦ ወሰድኩ፤ ጫፉን የቀለጠ ሶልደር ውስጥ ስነክረው ቫርኒሹ ተቃጥሎ ለቀቀ። መስመሩ ላይ በየድኩት። ሌላውን ጫፍ ፓዱ የነበረበት ቦታ ላይ አስተኛሁት። በጠቅላላው 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

እንዳይነቃነቅ ዩቪ ማስክ፣ በዩቪ ብርሃን የሚደርቅ ሙጫ፣ ጠብ አደረግኩበት። የዩቪ መብራት የለኝም፤ ቀትር ላይ በረንዳ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ምንም አይወጣላትም። ሲደርቅ በጥፍሬ ሞከርኩት፣ ጠጥሯል። ከዚያ ነው አዲሱን ፖርት መልሼ ያስቀመጥኩት። መልቲሜትሩን የዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጌ ስምንቱን የዳታና የክሎክ መስመሮች አንድ በአንድ ነካሁ። ተቀራራቢ ቁጥር ሰጡኝ። አንዱ እንኳ ተለይቶ ቢሆን ኖሮ አልገጥመውም ነበር።

ለወጣቱ ከመመለሴ በፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ እያጫወትኩ አየሁት። አንድም ነጠብጣብ የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ካጠናቀቃችሁ በኋላ ቢያንስ ይህን ያህል አቆዩት፤ ሲሞቅ የሚለቅ ብየዳ አለ።

ኮንሶሉን ራሴ ወስጄ ሰካሁለት። ገመዱን ከጠረጴዛው እግር ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት፤ ልጅ ቢጠልፈው የሚሳበው ጠረጴዛው ነው። ወጣቱ ሁለተኛውንም እንዲሁ እንዳስርለት ጠየቀኝ። አሰርኩለት።